ምች መድኃኒት ሲለምድ፦ ስለ ድንች ተውሳክና ስለ ሜታላክሲል በሰሜን ሸዋ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎች፣ የቀበሌ የልማት ሠራተኞች፣ የዘር ድንች አምራች ማኅበራት ተወካዮች፣ እንዲሁም የክረምት ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ በሽታና ስለ አንድ መድኃኒት ብቻ ነው። በሽታው በሐምሌና በነሐሴ ለምለሙን የድንች ማሳ በሳምንት ውስጥ የሚያጠቁረው ምች ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አብዛኞቻችሁ ሪዶሚል በሚለው የንግድ ስሙ የምታውቁት፣ በሽታውን ከቅጠሉ ውስጥ ገብቶ የሚያቆመው ንጥረ ነገር ሜታላክሲል የሚባለው ነው። ይህ መድኃኒት በሌሎች አገሮች ገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተውሳኩ ለምዶት አርሶ አደሩን ባዶ እጁን አስቀርቶታል። እኔ የማምነውን ከመነሻው ላስቀምጥ፤ የምች ተውሳክ በሜታላክሲል የሚሞት መሆኑ እንደ ግጦሽና እንደ ምንጭ የጋራ ሀብታችን ነው፤ አንዱ ያለ ልክ ከተጠቀመበት ለሌላውም ያልቅበታል፤ ስለዚህ ተጋላጭነቱን በየዓመቱ ልንለካውና ቆጥበን ልንጠቀምበት ይገባል።

በመጀመሪያ ተውሳኩን እንወቀው። ሳይንሳዊ ስሙ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንቹን ምርት አጥፍቶ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ በረሃብና ረሃቡን ተከትሎ በመጣ ወረርሽኝ እንዲያልቅ ምክንያት የሆነው ይኸው ተውሳክ ነው። የሚመቸው አየር ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ ነው፤ ሙቀቱ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሆኖ ቅጠሉ ለጥቂት ሰዓታት ረጥቦ ከቆየ ይበቃዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ፣ የባሶና ወራና እና የሞጃና ወደራ ደጋዎች፣ ጉም የማይለያቸው የጣርማበርና የአንኮበር አፋፎች በክረምት ተውሳኩ የሚሻውን ሁሉ ያቀርቡለታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የምች ተውሳክ ፈንገስ ቢመስልም እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፤ በዘር ግንዱ ከውኃ ውስጥ አልጌዎች ጋር ይቀራረባል። ይህ ለተመራማሪ ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት እንዳይመስላችሁ። ለስንዴ ዋግ የምንረጨው ቲልትም ሆነ ለባቄላ ቆርምድ የምንረጨው ባይለቶን የሚሠሩት እውነተኛ ፈንገስ ለሕዋሱ ሽፋን የሚያስፈልገውን ኤርጎስቴሮል የተባለ ቅባት እንዳያመርት በማገድ ነው፤ የምች ተውሳክ ግን ይህን ቅባት ስለማያመርት የሚታገድበት ነገር የለም። ስለዚህ ከስንዴ የተረፈ ቲልት በድንች ላይ የሚረጭ ሰው ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢረጭ ምቹ አይቆምለትም፤ ማሳው ሲጠቁር ግን «በሽታው መድኃኒት ለመደ» ይላል። በሽታው አልለመደም፤ መጀመሪያውኑም መድኃኒቱ የእርሱ አልነበረም።

አሁን ወደ ማሳ እንግባ። በክረምት ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ፣ ጠርዙ ላይ ውኃ የቋጠረ የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ፈልጋችሁ ገልብጡት። በደረቀው ቡናማ ክፍልና ገና አረንጓዴ በሆነው ክፍል ድንበር ላይ፣ በቅጠሉ የጀርባ ገጽ፣ ስስ ነጭ ሻጋታ ቀለበት ሠርቶ ታያላችሁ። ፀሐይ ከወጣና ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ይህ ነጭ ነገር ስለሚጠፋ በእኩለ ቀን የሚጎበኝ ባለሙያ ሳያየው ይመለሳል። ያ ነጭ ሻጋታ ስፖር የሚባሉትን፣ ተውሳኩ የሚራባባቸውን ረቂቅ ቅንጣቶች የሚሸከም አካል ነው፤ ከአንዲት ነጠብጣብ በሺዎች የሚቆጠሩ ስፖሮች ይነሣሉ፣ በነፋስና በዝናብ ፍንጣቂ ወደ ጎረቤት ተክልና ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳሉ። አየሩ ከተመቸ አዲስ ስፖር ቅጠል ላይ ካረፈበት ጊዜ አንሥቶ ራሱ ስፖር እስኪያፈራ ድረስ የሚፈጅበት ከአንድ ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ተውሳኩ ከአሥር ትውልድ በላይ ሊራባ ይችላል ማለት ነው። መድኃኒት የመልመድ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ የመራባት ፍጥነት ነው።

ሜታላክሲል ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1977 ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት መድኃኒቶች፣ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ፈረንሳዮች ለወይን ያወጡት የመዳብና የኖራ ድብልቅ፣ ከዚያም በ1960ዎቹ የመጣው ማንኮዜብ፣ ሁሉም ከቅጠሉ ላይ ተለጥፈው የሚጠብቁ ነበሩ፤ ስፖሩ ከመድረሱ በፊት ካልተረጩ፣ ወይም ዝናብ ካጠባቸው፣ ወይም ከተረጩ በኋላ አዲስ ቅጠል ካወጣ ጥበቃ የለም። ሜታላክሲል ግን ወደ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፣ በተክሉ የውኃ መስመር ወደ ላይ እየወጣ አዲስ ያቆጠቆጠውን ቅጠል ይጠብቃል፣ ገና በገባ ጥቂት ቀን የሆነውን በሽታም ያቆማል። የሚሠራውም ተውሳኩ ፕሮቲን የሚያመርትባቸውን ራይቦዞሞች ለመሥራት የሚያስፈልገውን አር ኤን ኤ የሚያዘጋጀውን አንድ ኢንዛይም፣ ማለትም በሕዋሱ ውስጥ ሥራ የሚያካሂድ አንድ ፕሮቲን፣ በማገድ ነው። ስፖሩ ራሱ ከእናቱ የወረሳቸው ብዙ ራይቦዞሞች ስላሉት ብቅ ብሎ ወደ ቅጠሉ ከመግባት አይታገድም፤ የሚታገደው ከገባ በኋላ ማደግ ሲጀምር ነው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሜታላክሲል አንድ ኢንዛይም ብቻ ነው የሚያግደው። ማንኮዜብና መዳብ ግን የተውሳኩን የሕይወት ሥራ በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ ያናጋሉ፤ ስለዚህ ተውሳኩ በአንድ የዘረ-መል ለውጥ ሊያመልጣቸው አይችልም፤ መዳብ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሎ ዛሬም ይሠራል። በሜታላክሲል ግን ኢንዛይሙን በሚሠራው ዘረ-መል ላይ በአንዲት ቦታ የሚደርስ ለውጥ ተውሳኩን ሙሉ በሙሉ ሊያድነው ይችላል። ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። በ1979 በእስራኤል በዱባ ቤተሰብ አትክልቶች ላይ የሚደርሰው የሻጋታ በሽታ መድኃኒቱን መቋቋሙ ተደረሰበት። በቀጣዩ ዓመት በ1980 በአየርላንድና በኔዘርላንድስ ምቹ ሜታላክሲል የተረጨውን የድንች ማሳ ሰንጥቆ አለፈ። በሁለቱም አገሮች መድኃኒቱ ለቅጠል ርጭት ብቻውን ይሸጥ ነበር። በብሪታንያ ግን ከማንኮዜብ ጋር ተደባልቆ ብቻ ይሸጥ ስለነበር ችግሩ ቢመጣም ጉዳቱ ዘግይቶና ቀንሶ ነበር። በዚህ ድንጋጤ ምክንያት አምራች ድርጅቶች በ1981 የመድኃኒት መልመድን የሚከታተል የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ዛሬ በዕቃው መለያ ላይ የምታዩት የቡድን ቁጥር የሚወጣው ከዚያ ነው። ሜታላክሲል ቡድን 4 ነው፤ የመልመድ አደጋውም ከፍተኛ ተብሎ ተመድቧል።

መልመድ እንዴት እንደሚመጣ በቁጥር ላሳያችሁ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል የወሰድሁት ነው። እንበል በአንድ ማሳ ከአንድ ሚሊዮን የተውሳኩ ዘሮች አንዷ ብቻ መድኃኒቱን የምትቋቋም ናት። ይህችን አንዷን መድኃኒቱ አልፈጠራትም፤ ከርጭቱ በፊትም ነበረች፤ ሆኖም ከብዙዎቹ መካከል ስለሆነች ማንም አያውቃትም። አሁን አንድ ጊዜ ሜታላክሲል ብቻውን ረጨን፤ ከተጋላጮቹ ከአሥር ዘጠኙን ገደለ፤ የምትቋቋመውን ግን አልነካትም። አሁን ያለችው ከመቶ ሺህ አንድ ነው። ሁለተኛ ረጨን፤ ከአሥር ሺህ አንድ ሆነች። እንዲህ እያለ በስድስተኛው ርጭት ተጋላጩና ተቋቋሚው እኩል ለእኩል ይሆናሉ። ልብ በሉ፤ እስከ አራተኛው ርጭት ድረስ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ተጋላጭ ስለሆነ አርሶ አደሩ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ብሎ ነው የሚረጨው፤ ትክክልም ነው። ችግሩ የሚታየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። «ባለፈው ዓመት ጥሩ ነበር፣ ዘንድሮ በአንድ ጊዜ ከዳን» የሚለው ቃል በብዙ አገር የተሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሐሳብ አለ፤ መድኃኒቱ ካልሠራ መጠኑን እናብዛው የሚል። ለሜታላክሲል ይህ አይሆንም። ሙሉ በሙሉ የለመደው ተውሳክ በአንድ ሊትር ውኃ 100 ሚሊ ግራም ንጹሕ ሜታላክሲል ባለበት እንደልቡ ያድጋል፤ ተጋላጩ ደግሞ ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን ይሞታል። በማሳ ላይ መጠኑን እጥፍ ማድረግ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት አይደፍነውም፤ የቀሩትን ተጋላጮች ጨርሶ ሜዳውን ለተቋቋሚው ብቻ መተው ይሆናል። ገንዘቡም ይባክናል፤ የሚረጨው ሰው ጤናም ይጎዳል።

ድብልቅ መሆኑ ምን ይጠቅማል? ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ሪዶሚል ጎልድ ኤም ዜድ 68 ከመቶ 4 እጁ ሜታላክሲል ኤም የሚባለው የሜታላክሲል ዓይነት፣ 64 እጁ ማንኮዜብ ነው። ማንኮዜቡ ተጋላጩንም ተቋቋሚውንም እኩል ይገድላል፤ በዚህም የተውሳኩን ብዛትና የመራባት ፍጥነት ቀንሶ የተቋቋሚውን መብዛት ያዘገየዋል። ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከሁሉ ይልቅ እንድትጠነቀቁለት የምፈልገው ግን ሌላ ነው፤ ድብልቁ መልመድን ይሸፍነዋል። ተውሳኩ ሜታላክሲልን ለምዶ ቢሆን እንኳ ማንኮዜቡ ስለሚሠራ መድኃኒቱ ጨርሶ አልሠራም አይባልም። በሽታ ከመግባቱ በፊት የረጨው ሰው ደኅና ውጤት ያያል፤ በሽታ ከገባ በኋላ የረጨው ግን ምንም አያይም። ሁለቱ ጎረቤቶች ተገናኝተው ሲያወሩ አንዱ «ግሩም ነው» ይላል፣ ሌላው «ውሸት ነው» ይላል፤ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። የሆነው ነገር አርሶ አደሩ የሜታላክሲልን ዋጋ እየከፈለ የማንኮዜብን ሥራ ብቻ እያገኘ መሆኑ ነው። ይህ በዓይን አይለይም፤ በምርመራ ብቻ ነው የሚለየው።

ወደ ምርመራው ከመሄዴ በፊት ርጭት ስለማይሠራባቸው ሌሎች ምክንያቶች መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በእኔ ግምት በማሳ ላይ ከሚታዩት ውድቀቶች ብዙዎቹ ከመልመድ የመጡ አይደሉም። አንደኛው በሽታውን አለማወቅ ነው። ዝቅ ባለው አካባቢ ድንች ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ሲጠወልግ ብዙዎች ምች ነው ብለው ይረጫሉ፤ ይህ ግን በባክቴሪያ የሚመጣ የማጠውለግ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ የሚረጭ መድኃኒት የለውም። ለመለየት ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቁረጡና ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳትነካኩ አቁሙት፤ ባክቴሪያው ካለ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ሲወርድ በደቂቃዎች ውስጥ ታያላችሁ። ሌላው የሐሰት ወይም ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው፤ በፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥ ክልክል መሆኑን ታውቃላችሁ፤ በላዩ የአማርኛ መለያ የሌለው፣ ከከረጢት ተዘግኖ በላስቲክ የሚሸጥ ዱቄት አትግዙ።

ከሁሉ የበረታው ግን የልክ ጉዳይ ነው። እስቲ አንድ ላይ እናስላ። መለያው በሄክታር 2.5 ኪሎ ግራም በ500 ሊትር ውኃ ይላል እንበል። ሩብ ሄክታር ላለው ሰው 625 ግራምና 125 ሊትር ውኃ ይደርሰዋል ማለት ነው። 15 ሊትር በሚይዝ የጀርባ መርጫ ይህ ስምንት ሙሉ መርጫ ከግማሽ የማይሞላ ትርፍ ጋር ነው፤ በእያንዳንዱም 75 ግራም። እኛ ማሳ ላይ የምናየው ምንድን ነው? ሩብ ሄክታሩ በሁለት መርጫ ይጠናቀቃል፤ ዱቄቱም በሃይላንድ ክዳን ወይም በእፍኝ ይሰፈራል። ሁለቱ መርጫ በትክክል 75 ግራም ቢጨመርበት እንኳ የደረሰው 150 ግራም ነው፤ ከሚገባው ሩብ እንኳ አይሞላም። ውኃው ስለሚያንስ ደግሞ የሚርሰው የላይኛው ቅጠል ብቻ ነው፤ ነጩ ሻጋታ ያለበት የታችኛው ቅጠል የጀርባ ገጽ ጠብታ አይደርሰውም። እንዲህ ከተረጨ በኋላ በሽታው ቢቀጥል የሚገርም የለም። በዚህ ሁኔታ አርሶ አደሩ ደግሞ ደጋግሞ ለመርጨት ይገደዳል፤ ብዛቱ ያልቀነሰ ተውሳክ ላይ ደጋግሞ መርጨት ደግሞ ቀደም ብዬ ያሰላሁላችሁን ቁጥር የሚያፈጥን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚያስፈልገን አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ በየቀበሌው አንዲት ትንሽ ሚዛንና ውኃ ብቻ ሞልቶ ማሳን ረጭቶ ስንት መርጫ እንደሚፈጅ የመለማመድ ልማድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ መድኃኒቱ እውነተኛ፣ በሽታው ምች፣ ልኩ የተስተካከለ፣ ጊዜው ያላለፈ ሆኖ ሳለ ርጭቱ ካልሠራ፣ ያኔ መልመድን እንጠርጥር። መጠርጠር ብቻ ሳይሆን እንመርምር።

ምርመራው የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም፤ ምን እንደሚሠራ አውቃችሁ እንድትተማመኑበት በዝርዝር ልንገራችሁ። በቤተ ሙከራ፣ መድኃኒት ነክቶት ከማያውቅ፣ በምች በቀላሉ ከሚጠቃ የድንች ዝርያ ጤናማ ቅጠል ይወሰዳል። ከቅጠሉ ሳንቲም የሚያህሉ ክብ ቁራጮች ይቆረጣሉ። እነዚህ ቁራጮች ጀርባቸው ወደ ላይ ሆኖ በሦስት ዓይነት ሳሕን ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ አንዱ ምንም ያልተጨመረበት፣ ሁለተኛው በሊትር 2 ሚሊ ግራም፣ ሦስተኛው በሊትር 100 ሚሊ ግራም ሜታላክሲል ያለበት ነው። ከማሳ የመጣው ተውሳክ ስፖር በውኃ ተበጥብጦ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንዳንድ ጠብታ ይደረጋል፤ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ክፍል ለሳምንት ያህል ይቀመጣል። ከዚያ ነጭ ሻጋታ የትኛው ላይ እንደወጣ ይታያል። መድኃኒት በሌለበት ብቻ ከወጣ ተውሳኩ ተጋላጭ ነው፤ በ2 ላይ ወጥቶ በ100 ላይ ካልወጣ መካከለኛ ነው፤ በ100ም ላይ ከወጣ ለምዷል። መድኃኒት በሌለበት ሳሕን ላይ እንኳ ካልወጣ ምርመራው ስለከሸፈ ይደገማል። ለዚህ ምርመራ ከሱቅ የተገዛ ሪዶሚል ፈጽሞ አይሠራም፤ ውስጡ ያለው ማንኮዜብ ሁሉንም ስለሚገድል የለመደውም ተጋላጭ ይመስላል። ንጹሕ ሜታላክሲል ነው የሚያስፈልገው። ቀደም ብዬ መድኃኒቱ የሚያግደው ከገባ በኋላ ማደግ የጀመረውን ነው ያልኳችሁ እዚህ ጋ ይገባል፤ ስፖሩ በመስተዋት ላይ መብቀሉን ብቻ የሚያይ ምርመራ ሜታላክሲልን በተመለከተ ምንም አይነግረንም፤ በሕይወት ባለ ቅጠል ላይ ማየት ግድ ነው።

በሰሜን አየርላንድ ይህን ምርመራ ከ1981 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ሠርተውታል። ከዚያ የተማሩት ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የለመደው ተውሳክ ድርሻ በመድኃኒቱ አጠቃቀም ልክ ይጨምራል፣ ይቀንሳልም። በወቅቱ መጀመሪያ ዝቅ ያለው ድርሻ ርጭቱ ሲደጋገም ወደ ወቅቱ መጨረሻ ከፍ ይላል፤ አጠቃቀሙ ሲቀነስ ደግሞ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ተጋላጭነት አንዴ ሄደ ተብሎ ተስፋ የሚቆረጥበት ነገር አይደለም። ነገር ግን ከውጭ የሚገባ ዘር ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ሊያበላሸው ይችላል። ከ2004 እ.ኤ.አ. በኋላ በአውሮፓ 13 ኤ 2 የሚል መለያ የተሰጠው ሜታላክሲልን የሚቋቋም የምች ዘር በዘር ድንች ንግድ ከአገር አገር ተዛምቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የብሪታንያን ማሳ ወረረ፤ በኋላም በሕንድ ታየ። አሳሳቢው ይህ ዘር የለመደው መድኃኒትን ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ኃይለኛና ፈጣንም ነበር። ከእርሱ በኋላ ፍሉዋዚናም የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋም ሌላ ዘር በኔዘርላንድስ ታየ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በዴንማርክ ማንዲፕሮፓሚድን የሚቋቋም መጣ። ከመድኃኒት ወደ መድኃኒት መሸሽ የትም አያደርስም የምለው ለዚህ ነው።

ይህ እኛን የሚነካን በዘር ድንቹ በኩል ነው። እኛ ጋ ድንች በበልግም፣ በክረምትም፣ በበጋ በመስኖም ይተከላል፤ ተውሳኩ ዓመቱን ሙሉ ሕያው ማደሪያ አያጣም። የታመመ ድንች ከጎተራ ወጥቶ ሲተከል፣ ከመከር የተረፈው ሳይተከል ሲበቅል፣ የተበላሸው ማሳ ዳር ተከምሮ ሲያቆጠቁጥ በሽታው ከወቅት ወደ ወቅት ይሻገራል፤ መልመዱም አብሮት ይሻገራል። የዘር ድንች አምራች ማኅበራት ሜታላክሲልን ከሌላው ሰው ይበልጥ መቆጠብ ያለባችሁ ለዚህ ነው፤ በእናንተ ማሳ የተመረጠው ተቋቋሚ ዘር በአንድ ገበያ ቀን በየወረዳው ይበተናል። ከመከር ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቅጠሉን አጭዶ ከማሳ ማውጣት ከቅጠሉ ወደ ድንቹ የሚወርደውን በሽታ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ድካሙ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከማንኛውም ርጭት በላይ ግን ይጠቅማል።

ስለ አረጫጨቱ በአጭሩ ልናገር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ምች ላይ እውነት ነው። ማሳው ቅጠሉ ሊገጣጠም ሲል፣ ጉሙ ሲዘልቅ፣ ነጠብጣብ ከመታየቱ በፊት ማንኮዜብ ይረጭ። ሜታላክሲል ያለበት ድብልቅ ተክሉ በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ፣ በወቅቱ ሁለት ጊዜ ቢበዛ ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉም ከ14 ቀን ያልበለጠ ልዩነት ኖሮት ይረጭ፤ ዓለም አቀፉ ምክር ከ2 እስከ 4 ጊዜ ነው፣ እኔ በዚህ አካባቢ ወደ ዝቅተኛው አደላለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ማንኮዜብ፣ ካስፈለገም ወደ ሌላ ቡድን መድኃኒት እንደ ሳይሞክሳኒል ወይም ዳይሜቶሞርፍ ይመለስ። ማሳው ግማሹ ከጠቆረ በኋላ ሜታላክሲል መርጨት ግን ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው፤ ምርቱን አያድንም፣ የተውሳኩ ብዛት ከፍተኛ በሆነበት ሰዓት ተቋቋሚውን ይመርጣል። መድኃኒት ስትቀይሩም የንግድ ስሙን ብቻ አትቀይሩ፤ ሦስት የተለያየ ስም ያላቸው ካርቶኖች በውስጣቸው አንድ ዓይነት ሜታላክሲል ሊይዙ ይችላሉ። መለያው ላይ ያለውን የንጥረ ነገር ስምና የቡድን ቁጥር አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ካለ የልማት ሠራተኛው ያንብብለት። በሽታን ደኅና የሚቋቋሙ እንደ በለጠና ጉዳኔ ያሉ ዝርያዎችን መትከል የርጭቱን ቁጥር ይቀንሳል፤ የተቀነሰ ርጭት ሁሉ ደግሞ የተቆጠበ ተጋላጭነት ነው። ማንኮዜብም ቢሆን በጤና ጉዳይ ምክንያት በ2021 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ፈቃዱ ተነሥቷል፤ ዛሬ የምንመካበት አጋር ነገም በእጃችን ይኖራል ብለን መተማመን አንችልም፤ ስትረጩም እጅና አፋችሁን ሸፍናችሁ እርጩ።

በዚህ ክረምት ከእናንተ የምፈልገው ናሙና ነው። ምች በታየበት ማሳ፣ ከተቻለ ከርጭቱ በፊት፣ ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ አሥር ያህል ቅጠሎች ቁረጡ፤ እያንዳንዱ አንዲት ትኩስ ነጠብጣብ ያለበት፣ ዙሪያው ገና አረንጓዴ የሆነ ይሁን፤ የጠቆረና የደረቀ ቅጠል አይበቅልልንም። ቅጠሎቹን አንድ ላይ አታጭቁ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ በወረቀት ጠቅልላችሁ በላስቲክ ውስጥ አድርጉ፣ ውኃ አትጨምሩበት፣ ፀሐይ አታስነኩት፣ በመኪና መስኮት አጠገብም አታስቀምጡት። በሁለት ቀን ውስጥ ቤተ ሙከራ መድረስ ካልቻለ ነጠብጣቡ ያለበትን የቅጠል ቁራጭ በስስ የተቆረጠ ጥሬ ድንች ሥር አድርጉት፤ ተውሳኩ ድንቹን አልፎ ይወጣል፣ ሕያውም ይቆያል። በወረቀቱ ላይ ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ የድንቹን ዝርያ፣ የዘር ድንቹ ከየት እንደተገዛ፣ በዚህ ወቅት ምን መድኃኒት ስንት ጊዜ እንደተረጨ ጻፉ። ያልተረጨበት ማሳም ከሆነ «አልተረጨም» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያስፈልገን እርሱ ነው፣ የለመደው ተውሳክ ከየት እንደተነሣ የምናውቀው ካልተረጨው ማሳ ጋር በማነጻጸር ስለሆነ።